ርካሹ ጂም ለምን ተወደደብኝ

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ 41 ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ብር ስቆጥር 17 ዓመት ሆነኝ። ወገብ እንዳለኝ ትዝ ያለኝ በ2017 መስከረም ላይ ነው። አንድ ቀን ማታ ከወንበሬ ልነሳ ብል እምቢ አለኝ። የቢሮው ጥበቃ በር ላይ ቆሞ «ምነው እትዬ፣ እዚሁ ሊያድሩ ነው?» ሲለኝ ነው የደነገጥኩት።

ሐኪሙ አስተኝቶ እግሬን ወዲህና ወዲያ አገላበጠው። መድኃኒት ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ምክር ጻፈልኝ። «በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ።» የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ልክ ነው አለኝ። «እኔ እኮ ቤት ገብቼ አልቀመጥም፤ ወጥ እሠራለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ» ብለው፣ «እሱ ድካም ነው፤ እኔ የምልሽ ስፖርት ነው» አለ።

ማታ ለእናቴ ጂም ልገባ ነው አልኳት።

«ብር ከፍለሽ ልትደክሚ?» አለች። «እኔ ከበሬሳ ውሃ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ የከፈለኝም የለ፣ የከፈልኩትም የለ።»

እውነቷን ነው። ግን እኔ የቧንቧ ዘመን ልጅ ነኝ፤ ቧንቧው በፈረቃ ቢመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጂም ቀያይሬአለሁ። ቢሮ ውስጥ «የቱ ይረክሳል?» የማይለኝ ሰው የለም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የጂሞቹን ስም አልጠራም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ባለቤቶቹን ለቅሶ ቤት አገኛቸዋለሁ። በዋጋቸው ነው የምጠራቸው፦ ባለ 700፣ ባለ 1,200፣ ባለ 1,800። ሁሉም የወር ዋጋ ነው። ወር የሚሉት ግን የየራሳቸው ወር ነው፤ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ እኔ ዋጋ አልለውም። ደብተር ይዤ ነው የገባሁት። ከኪሴ የወጣውን በግራ፣ የሠራሁበትን ቀን በቀኝ እጽፋለሁ። ካርዱ ሲያልቅ አካፍላለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

መጀመሪያ የገባሁት ባለ 700ው ጋ ነው። ርካሽ ማን ይጠላል። ጥቅምት ላይ ተመዘገብኩ፤ መመዝገቢያ ለብቻው 200 ብር። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ ጥግ ጥጉ አሁንም ገብስ ገብስ ይሸታል። ብረቱ ሙሉ ነው። ዳምቤል ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድሯል፤ ቤንች አራት አለ። ትሬድሚል፣ የመሮጫው ማሽን፣ ሁለት ነው። አንደኛው ላይ ልጆቹ ጃኬት ይሰቅሉበታል።

ጃኬት የሌለበት ላይ ወጣሁ። ሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ ላቤ ጠብ ማለት ሲጀምር መብራት ሄደ። ማሽኑ ቀጥ አለ። እኔ ግን አልቆምኩም። መያዣውን በደረቴ ነው ያገኘሁት። ጨለማው ውስጥ አንድ ልጅ «አይዞሽ ማዘር!» አለኝ። ከደረቴ ይልቅ ማዘር የሚለው አመመኝ።

ጄኔሬተር የላቸውም። በዚያው ወር ሁለት ቀን ገና በሩ ላይ ስደርስ ጨለማ ሆኖ ጠበቀኝና ሳልሠራ ተመለስኩ። «ነገ እናካክሳለን» የሚል ሰው የለም። ቀኑ ካርዱ ላይ ይቆጠራል።

ሻወርም የለም። ይሄ ሞቃት አገር ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። ደብረ ብርሃን ግን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጥቅምት ማታ ንፋሷን የማያውቅ አይፍረድብኝ። ያ ንፋስ በላብ የራሰ ጀርባ ካገኘ ለወገቤ የሄድኩት ሴትዮ በሳንባዬ እመለሳለሁ። ጂሙ ያለው ደግሞ ከተማው ወዲያ ጫፍ ነው፤ እኔ የምኖረው ጠባሴ። ስለዚህ ባጃጅ። ደርሶ መልስ 40 ብር።

በ28ኛው ቀን በር ላይ ያለችው ልጅ ካርዴን አየችና «አልቋል እህቴ» አለችኝ።

«ገና ሁለት ቀን አለኝ።»

«የእኛ ወር አራት ሳምንት ነው።»

ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። 365 ቀን ለ28 ሲካፈል 13 ነው። ዓመቱን ሙሉ ብሠራ 13 ጊዜ እከፍላለሁ፤ 9,100 ብር። ይሄ ለ12 ወር ሲካፈል ወሩ 758 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። ባለ 700 የሚለው ስም ራሱ ስህተት ነበር ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን እኛ ብቻ ነን እያልን እንኮራለን። የእኛዋ ጳጉሜን ግን አምስት ቀን ናት፤ የነሱ ጳጉሜን 28 ቀን ሙሉ ታስከፍላለች።

ለማንኛውም የጥቅምቱ ሂሳብ ይሄው። ወርሃዊ 700፣ መመዝገቢያ 200፣ ባጃጅ አሥር ጊዜ ደርሶ መልስ 400። ድምር 1,300። የሠራሁት ስምንት ቀን። አንዱ ቀን 162 ብር ከ50።

ላለመበደል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጃኬቱን ትሬድሚሉ ላይ ከሚሰቅሉት ልጆች አንዱ ቤቱ ከጂሙ ጀርባ ነው። እየተንደረደረ ይመጣል፣ ላቡን ሳይጠርግ እየሮጠ ቤቱ ይገባል። በ28 ቀኑ ውስጥ 24 ቀን እሠራለሁ ብሎኛል። ለሱ አንዱ ቀን 29 ብር ነው። መብራት ቢሄድም ዳምቤል በመብራት አይሠራ። ለሱ ዓይነቱ ከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጂም ያለ አይመስለኝም። ለኔ ነው ያልሆነው።

ኅዳር ላይ ተናደድኩና ለማንም አልከፍልም አልኩ። ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ናቸው ልቤን የሞሉት። «ጌጤ ዋሚ የዚህችው የጫጫ ልጅ ናት» አሉኝ። «የትኛው ጂም ከፍላ ነው በርሊን ላይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈችው?» የበርሊን ማራቶንን በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው የወሰደችው፤ ዓመቱን እኔ ነኝ የነገርኳቸው። እሳቸውም አላቆሙም። «አበበ ቢቂላስ? እሱም የሰሜን ሸዋ ሰው ነው። ሮም ላይ ለጫማ እንኳ አላወጣም።»

እኔ ለጫማ 2,800 ብር አወጣሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። አፌን ስከፍት ጥርሴ ይቀዘቅዛል። አየሩ ስስ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ እውነት ነው። ተወልጄ ያደግኩበት አየር ሁለት መቶ ሜትር ሮጬ ሳልጨርስ ከዳኝ። አራት ቀን እንደምንም ጸናሁ። አምስተኛው ቀን ሦስት ውሾች ተቀላቀሉኝ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው «እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ ያጨበጭባሉ፤ ውሾቹን አላዩዋቸውም።

2,800 ለአምስት ሲካፈል 560። ነጻው ስፖርቴ ከሁሉም ውዱ ሆኖ ተመዘገበ። ጫማው ግን እስካሁን እያገለገለኝ ስለሆነ ይሄን ሂሳብ ሰርዤዋለሁ።

ጥር ላይ ለሥራ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣርማ በርን ተሻግራችሁ፣ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬቱ ደብረ ሲና ላይ ይወልቃል፣ ሹራቡ ሮቢት ላይ። ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ስዞር አንድ ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ወጣቶች ብረት ሲገፉ አየሁ። ብረት ስል ብረት አይደለም። የቀለም ቆርቆሮ በስሚንቶ ተሞልቶ በቱቦ የተያያዘ ነው። ግድግዳው ላይ በከሰል «የቀን 20 ብር» ይላል።

«ይሄኛው ስንት ኪሎ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አልመዘንነውም እትዬ። ግን ከባድ ነው።»

አንድ ቀን ከፍዬ ሠራሁ። ስጨርስ አንዱ ልጅ ባልዲ ውሃ አቀበለኝ። ቆጣሪም፣ ካርድም፣ መመዝገቢያም የለም። ደብተሬ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ትንሹ ይሄ ነው። መጥፎነቱ ግን የመኖሪያዬ ብርድና የማንጎው ዛፍ አልተገናኙም።

እንግዲህ ወደ ባለ 1,200ው። ይሄን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

የካቲት 5 ነበር። ጂሙ ከቢሮዬ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ባጃጅ አያስፈልግም። ንጹሕ ነው። መስታወቱ ሰፊ ነው። መመዝገቢያ የለም። የአንድ ቀን ብቻ ለሚሠራ 120 ብር፣ የወር 1,200። ልጅቷ ካልኩሌተር አወጣችና አዞረችልኝ። «የሦስት ወር አንዴ ከከፈልሽ 3,000 ነው። 600 ብር ታተርፊያለሽ።»

እኔ 17 ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ። የሰው ካልኩሌተር አይቼ አላምንም። ያን ቀን ግን አመንኩ። 3,000 ብር ቆጥሬ ሰጠኋት። ለሳጥን ቁልፍ መያዣ ደግሞ 100።

የረሳሁት ምንድን ነው? ሁዳዴን። የካቲት 17 ጾሙ ገባ። እኔ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ከዚያ ሽሮ በልቼ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስኳት፣ ያው ቁጭ ብድጉን፣ ልሥራ ስል መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ትዞርብኛለች። የመጀመሪያውን ወር 11 ቀን ሄድኩ። ሁለተኛውን 5። ሦስተኛውን፣ ሕማማትና ፋሲካ ገብተውበት፣ 3።

መሀል ላይ ሄጄ ጠይቄያለሁ። «ለጾሙ ላቁመው፣ ከፋሲካ በኋላ ልቀጥል» አልኳት። «ሲስተሙ አይፈቅድም» አለችኝ። ሲስተሙን አይቼዋለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለ ባለ መስመር ደብተር ነው። እኔም እንደሱ ያለ አለኝ፤ የኔው ብዙ ነገር ይፈቅዳል።

ሻወር አለ፤ ሙቅ ውሃ ግን በአንዴ 30 ብር ነው። ቀዝቃዛው ነጻ። ደብረ ብርሃን ላይ ቀዝቃዛ ሻወር ነጻ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ። ስድስት ጊዜ ሙቁን ታጠብኩ፣ 180 ብር። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ስመልስ «መያዣውን የምትመልሰው ልጅ የለችም» ተባልኩ። እስከ ዛሬም የለችም።

ድምር 3,280። የሠራሁት 19 ቀን። አንዱ ቀን 172 ብር ከ63 ሳንቲም። ከባለ 700ውም በለጠ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። በየቀኑ 120 እየከፈልኩ ገብቼ ቢሆን ለ19 ቀን 2,280 ብር ይበቃኝ ነበር። 600 አተርፋለሁ ብዬ 720 ከሰርኩ።

እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ መስሎኝ አፍሬ ነበር። በኋላ ሳነብ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን፣ ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር፣ ይሄንኑ ነገር አሜሪካ ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመውታል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር የሚሄዱት 4.3 ጊዜ ነው። አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ይመጣባቸዋል። የአሥር ቀን ካርድ ቢገዙ ኖሮ ግን አንዱ ቀን 10 ዶላር ነበር። ሳነበው ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጾም የሌለባቸውም እንደኔ ናቸው ማለት ነው።

ሳልረሳው፣ እዚሁ ጂም ውስጥ የዱቄቱ ነገር አለ። አሰልጣኙ ደግ ልጅ ነው። ስደክም ያያል። አንድ ቀን ትልቅ ጥቁር ቆርቆሮ አመጣና «እትዬ ይሄን ይጠቀሙ፣ ፕሮቲን ነው፤ ለርስዎ 6,000» አለኝ።

«ጾም ነኝ።»

«የጾም ነው፤ ዌይ ነው።»

ስልኬን አወጣሁና ፈለግኩ። ዌይ ማለት አጓት ነው! ወተቱ ረግቶ አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ። አድርቀው፣ አጣርተው፣ ቸኮላት አስመስለው ነው እንጂ ያው አጓት ነው። ለልጁ ነገርኩት። የእውነት ደነገጠ፤ እሱም ጾመኛ ነው፣ ሳያውቅ ሲጠጣ ከርሟል። ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አጓት በስድስት ሺህ? እኛ ለውሻ እንደፋው የለም እንዴ!» እኔም ወደ ሽምብራ ቆሎዬና ወደ በሶዬ ተመለስኩ።

ባለ 1,800ው ጋ ግንቦት 20 ስገባ ተስፋ ቆርጬ ነበር። መጀመሪያ አላመንኳቸውም። በር ላይ የተለጠፈው 1,565 ነው፤ ከሥሩ በትንሹ «ቫት አይጨምርም» ይላል። 15 በመቶ ሲጨመርበት 1,799 ብር ከ75 ሳንቲም። 1,800 ሰጠሁ። 25 ሳንቲሟን አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ደብተሬ ላይ ግን አለች። ለካርድ ደግሞ 500 ብር። ተነጫነጭኩ። ባለቤቱ ራሱ መጣና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ትሬድሚሉም፣ የሚሮጥበት ላስቲክ ቤልቱም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። «አንዷ ቤልት ብትበጠስ ብድር ነው የምገባው» አለኝ። ያው ነጋዴ ነው፣ ያለቅሳል። ቁጥሩ ግን ልክ ነበር፤ ቁጥሩ ልክ ከሆነ እኔ ሰው አምናለሁ።

ከዚያ መሥራት ጀመርኩ።

ጂሙ ከቢሮ ወደ ቤት የምሄድበት መንገድ ላይ ነው። ለሱ ብዬ የማወጣው የባጃጅ የለም። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። ባለ 700ው ጋ ለመሄድ በየቀኑ መወሰን ነበረብኝ። ልሂድ? ልቅር? ብርድ ነው፣ ደክሞኛል፣ ባጃጁ ይጠፋል። እዚህ ግን ለመቅረት ነው መወሰን ያለብኝ። በሩን እያየሁ ማለፍ አለብኝ። በሩ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ያየኛል፤ «ዛሬ የለም እንዴ?» ይላል። የሸዋ ሰው ይሉኝታውን ታውቁታላችሁ። እገባለሁ።

ሙቅ ውሃ አለ፤ ዋጋው ውስጥ ነው። ጄኔሬተር አለ። መብራት ሲሄድ ዱር የሚል ድምፅ ይሰማና ይመለሳል፤ ትሬድሚሉ ቢቆምም ከደረቴ ጋር አላጋጨኝም፣ አሁን መያዣውን በእጄ መያዝ ተምሬአለሁ። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል የሴቶች ሰዓት ነው፣ በሳምንት አራት ቀን። አሰልጣኟ ሴት ናት። ገና ስገባ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሌሎቹ ጋ የተጠየቅኩት «ለቦርጭ ነው?» ተብሎ ነው። ለቦርጭም ነው፤ ግን እንዲህ አይጠየቅም።

መጀመሪያ ብረት አላስያዘችኝም። የመጥረጊያ እንጨት ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ማጎንበስ አስተማረችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማጎንበስ! እናቴ ብታየኝ ቤቷን አስጠርጋኝ ትገላገል ነበር። ከዚያ ባዶው ብረት፣ ከዚያ አምስት አምስት ኪሎ በግራና በቀኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ 25 ኪሎ ዱቄት ከባጃጅ አውርጄ ማድ ቤት አስገባሁ። ካስቀመጥኩት በኋላ ነው ወገቤን እንዳልያዝኩ ያስተዋልኩት። የባጃጁ ልጅ «እንዴ እናት፣ ጠንካራ ነዎት!» አለኝ። ከማዘር ወደ እናት ዝቅ ብያለሁ ወይስ ከፍ? አላውቅም። 10 ብር ጨምሬ ሰጠሁት።

ለፍልሰታ አንድ ሳምንት አስቁሜ ነበር። «ችግር የለም» አሉና ካርዴ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉልኝ፣ ፈረሙበት። ሲስተም አልተጠየቀም። ወራቸውም የእኛው ወር ነው፣ 30 ቀን። ጳጉሜንን አይቆጥሩም። «ደመወዝ የማይከፈልበትን ቀን እንዴት እናስከፍላለን?» አለኝ ባለቤቱ። ይሄን ሲለኝ የመመዝገቢያውን 500 ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሂሳቡን ልጨርስ። ሦስት ካርድ በ1,800፣ 5,400። ካርድ ማውጫ 500። ድምር 5,900። የሠራሁት 16፣ 14 እና 15 ቀን፤ 45። አንዱ ቀን 131 ብር ከ11 ሳንቲም። ከሦስቱ ትንሹ ይሄ ነው። ሻወሩም፣ ጄኔሬተሩም፣ አሰልጣኟም ውስጡ ነው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ከቆያችሁ ወንዶቹ ይገባሉና መቀመጫ የለም። አንዱ ቤንች ላይ ጋደም ብሎ ስልክ ያያል፤ «ጨረስክ?» ስትሉት «አንድ ዙር ቀረኝ» ይላል፤ ሩብ ሰዓት። ዘፈኑ ጆሮ ይበሳል። ማስታወቂያው ላይ «ሳውና» ይላል፤ ላብ የሚወጣበት ሙቅ ክፍል መሆኑ ነው። በሩን አግኝቼዋለሁ። ከፈትኩት። መወልወያና ባልዲ አለበት።

ለሁሉም ሰው ይሆናል ብዬም አልምልም። እኔን አይቶ የገባ አንድ ባልደረባዬ በወር አምስት ቀን ነው የሚመጣው። ለሱ አንዱ ቀን 360 ብር ነው። ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካፍያለሽ» ብሎ ተቆጣኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይባስ። ቦሌ አካባቢ በወር 4,500 ይከፍላል፤ በመንገድ መዘጋጋቱ ሁለት ጊዜ ከሄደ ትልቅ ነገር ነው። 2,250 ብር ለአንድ ቀን! ስልኩ ላይ ግን መስታወት ፊት የተነሳው ፎቶ አለ። ምናልባት የፎቶ ዋጋ ይሆናል።

የምትጠይቁኝ ሰዎች እንግዲህ ይሄን አድርጉ። መጀመሪያ የአንድ ቀን ዋጋ ጠይቁ፤ አብዛኛው ጂም አለው፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግራችሁም። በየቀኑ እየከፈላችሁ አንድ ወር ሞክሩ። ስንት ቀን እንደምትሄዱ ያኔ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በፊት የምትናገሩት ቁጥር ምኞት ነው። «ወራችሁ ስንት ቀን ነው? ለጾም ይቆማል? ቫት ውስጡ ነው? መያዣውን የምትመልሰው ልጅ ማን ናት?» በሉ። የሦስት ወር የሚያስከፍል ቅናሽ ካመጡላችሁ ደግሞ ካላንደር አውጡና ጾሙን ቁጠሩ። እኔ የ720 ብር ትምህርት ነው የከፈልኩበት።

ነሐሴ 28 ካርዴን ላሳድስ ስሄድ አዲስ ዋጋ ለጥፈው አገኘሁ። ከነቫቱ 2,000። ቆሜ ደብተሬን አወጣሁ። 2,000 በ15 ቀን 133 ብር ከ33። አሁንም ከባለ 700ው ያንሳል። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ጳጉሜን አሁንም እንደማይቆጠር። አይቆጠርም አሉኝ፤ ፈረምኩ።

ይሄን የምጽፈው ጳጉሜን 3 ነው፤ ሩፋኤል። ዝናቡ መጥቷል። የሠፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ውጭ እየጮሁ ይጠመቃሉ። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ቦርሳዬን ስይዝ አየችኝ።

«ዛሬም ከፍለሽ ልትታጠቢ ነው?»

«ዛሬ ነጻ ነው እማዬ። ጳጉሜን አይቆጠርም።»

እጇን ዘርግታ ዝናቡን አሳየችኝ። «ይሄስ?» አለች።